ስልኬን የነጠቀኝ ልጅ በገደብ ወጣ። ልክ ነው?

የአምባሳደሯ፦
ሰላም ለዚህ ግሩፕ። ክርክር ይዤ መጥቻለሁ፤ ሳንሰዳደብ እንነጋገርበት።

ከአራት ወር በፊት ነው። ከሥራ ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር እየወረድኩ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ ልጅ ስልኬን ከእጄ መንጭቆ ሮጠ። ሰው ተረባርቦ ያዘው፤ ስልኩ ግን በግርግሩ መሀል የውሃ ሽታ ሆነ። ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቤ መሰከርኩ። የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው ችሎት እንደሆነ አልናገርም። ነገሩ የአንድ ቦታ ጉዳይ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ውሳኔው ተሰጠ። አንድ ዓመት ከስድስት ወር ቀላል እስራት፣ በሁለት ዓመት ገደብ። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው ተባለ። ወዲያው ተፈታ። ቀኑን የነገረኝ አልነበረም፤ እዚያ የተገኘሁት ራሴ ጠይቄ ነው። ስወጣ እናትየው ደረጃው ላይ ጠብቃ አንድ ቁራጭ ወረቀት በእጄ አስጨበጠችኝ። ሳላነበው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ሄድኩ። በጣም ተናድጄ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቀ ሰው ይታሰር ወይስ በገደብ ይውጣ? እኔ ይታሰር ባይ ነኝ። የዚያ ስልክ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነበር። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎችም እዚያው ላይ ነበሩ።

የተክልዬ ነጋዴ፦
እህቴ፣ እግዜር ይካስሽ። እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ። ተክለ ሃይማኖት ሱቅ ከፍቼ 14 ዓመት ሆኖኛል። ደንበኛ በሬ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ "ወደ ውስጥ ግባ" ማለት ሥራዬ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም ሞተር ሳይክል በከተማው ሲከለከል ትዝ ይላችኋል? ያ ሁሉ ዴሊቨሪ፣ ያ ሁሉ እንጀራ የቆመበት አንዱ ምክንያት ነጠቃ ነበር። ሐቀኛው ሠርቶ አዳሪ ተቀጣ፤ ነጣቂው ግን በገደብ ይወጣል። "የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ" ይባል የለ? ሰፈር ተመልሶ ሲንጎራደድ ያየው ታናሽ ወንድሙ ምን ይማራል?

ጠበቃው፦
የሁለታችሁም ንዴት ይገባኛል። ግን ዳኛው በዘፈቀደ የፈረደ እንዳይመስላችሁ አሠራሩን ላስረዳ።

የምንሠራበት የወንጀል ሕግ የ1996ቱ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1997 ጀምሮ ነው። ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ አለ። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊሄድ ይችላል። ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ካለበት ግን ነገሩ ውንብድና ይሆናል። እሱ አንቀጽ 670 ነው፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ "ገፍቶሽ ነበር ወይ? ስለት አሳይቶሽ ነበር ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለወጉ የሚጠየቅ አይደለም። በአንዲት ቃል ዓመታት ይመጣሉ፣ ዓመታት ይሄዳሉ።

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዓቃቤ ሕግም ተከሳሽም የቅጣት አስተያየት ያቀርባሉ። ቀድሞ አንዱ ችሎት ስድስት ወር፣ ሌላው በተመሳሳይ ጥፋት ሦስት ዓመት ይፈርዱ ነበር። ያንን ለማጥበብ ነው በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የወጣው፤ በ2006 ተሻሽሏል። ወንጀሉ እርከን፣ ማለትም የክብደት ደረጃ፣ ይወጣለታል። ማክበጃ ሲገኝ እርከኑ ይወጣል፤ ማቅለያ ሲገኝ ይወርዳል። የቀድሞ ጠባዩ መልካም መሆኑ፣ ጥፋቱን አምኖ መጸጸቱ ማቅለያ ናቸው። ለልጁ የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ ውሳኔው ከሕጉ አልወጣም።

ገደብ ደግሞ በነጻ መሰናበት አይደለም። ቅጣቱ በራሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ሌላ ወንጀል ቢሠራ ገደቡ ይነሳና የድሮውም የአዲሱም ይፈጸምበታል።

የተክልዬ ነጋዴ፦
ወንድሜ ጠበቃ፣ ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው። ተንጠልጥሎ ያለውን ቅጣት የሚጠብቀው ማነው? ልጁን በሳምንት አንዴ "የት ዋልክ?" የሚለው ማነው? የሚከታተለው ከሌለ ገደብ ማለት "ደህና ግባ" ማለት ነው።

ጠበቃው፦
እዚህ ላይ አልከራከርህም። ሕጉ በገደብ የወጣ ሰው በክትትል ሥር እንዲሆን ይፈቅዳል። ክትትሉ ሰው ይፈልጋል፣ ቢሮ ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል። ድክመታችን እዚያ ላይ ነው።

የልደታ ልጅ፦
እኔ ልናገር። ስሜን የሚያውቅ ካለ አደራ እዚህ አይጥራኝ።

19 ዓመቴ እያለ ላፕቶፕ ሰርቄ ስምንት ወር ታስሬያለሁ። ጥፋቴን አልክድም። ማታ የምንተኛው ጎን ለጎን ተጣብቀን ነበር። አንዱ መገላበጥ ከፈለገ ረድፉ በሙሉ አብሮ ይገለበጣል። አንድ ሰው "ዙር!" ይላል፣ እንዞራለን። እንዲህ እያደርን በግራዬ የነበረው ልጅ በሰካራም ጠብ የገባ ነው። በቀኜ ያለው ግን ሥራዬ ብሎ የያዘው ሌባ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ማን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ማንን ማመን እንደሚቻል የሰማሁት ከእሱ ነው። ስገባ አንድም ሌባ አላውቅም ነበር። ስወጣ ደዋዬ ብዙ ነበር።

ጥሩም ነገር ነበረው። እንጨት ሥራ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዛሬም የምበላው በእሱ ነው። ግን እስኪሪብቶ ቆጥሮ እንደሚሰጥ ትምህርት ቤት ነው፤ መሣሪያው ለሁሉም አይደርስም። ከወጣሁ በኋላ ሦስት ቦታ ሥራ አግኝቼ ሦስቱም ቦታ አሻራ አምጣ ተባልኩ። አሻራው ደግሞ የታሰርኩበትን ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ ከቀኜ ይተኛ የነበረው ሰውዬ ደወለ። አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። አጎቴ የዚያን ሳምንት ወርክሾፑ ውስጥ ባያስገባኝ አነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የአምባሳደሯ እህቴ፣ ልጁ ቢታሰር ደስ የሚልሽ ለስንት ቀን ነው?

የአምባሳደሯ፦
ወንድሜ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ይህን መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

በሐቀኝነት ልመልስልህ። አላውቅም። ግን አንተ ስለ ልጁ ትጠይቀኛለህ፤ ጠበቃውም የሚያወራው ስለ ልጁ ነው። ስለ እኔ የጠየቀ ማን አለ?

የጎላዋ እናት፦
ልጆች፣ እኔ ሕግ አላውቅም። ወንድ ልጄ ታስሮ ሰባት ወር ስንቅ አመላልሻለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ሽሮ እሠራለሁ። እንጀራውን በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ላይ "ቅመሺ" ይሉኛል። ለልጄ የሠራሁትን መርዝ የለበትም ለማለት ሰው ፊት ቆሜ እቀምሳለሁ። ለጥበቃ እንደሆነ ይገባኛል፤ ለሌሎቹም ልጆች ነው። ግን ያቺን ጉርሻ በየሳምንቱ ስውጥ የተፈረደው በእኔ ላይ ይመስለኝ ነበር። ዋስትና ተፈቅዶለት ነበር እኮ። የሚያስይዝለት ገንዘብ አጥቼ ነው የቀረው።

ልጄ የአምባሳደሯ፣ አንቺም ተበድለሻል። ግን እናትየዋንም አስቢያት።

የአምባሳደሯ፦
እትዬ፣ ያንንም ልጅ ዋስትና ፈቅደውለት የሚያስይዝለት አጥቶ ነው አሉ ውሳኔው እስኪሰጥ ታስሮ የቆየው። ችሎት ሲቀርብ ከስቶ ነበር። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶት አይቻለሁ።

ጠበቃው፦
ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲያ ከሆነ ልጁ አራት ወር ገደማ የታሰረው ጥፋተኛ ሳይባል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ይላል። ገንዘብ ያለው ተከሳሽ በዚሁ ክስ ከቤቱ ይመላለሳል። "ምንም ሳይቀጣ ወጣ" ማለት አይቻልም። ተቀጥቷል፤ የተቀጣው ግን ከፍርዱ በፊት ነው።

የተክልዬ ነጋዴ፦
እሺ፣ አራት ወር ከታሰረ እኔም ትንሽ ልቀዝቅዝ። ግን ለእሷ ምን ጠቀማት?

ጡረተኛው፦
በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም፤ አባቴ ግን አይቷል። አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ይመለስ አልልም፤ ሰው የሚያዋርድ ነገር ነበረበት። ግን በዳይ ተበዳይን ሳያይ አይውልም ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይጠማሉ፤ ብዙው መንገድ ላይ ይታረቃል። ዛሬ ክሱ የመንግሥት ነው። ተበዳይ ምስክር ሆኖ ይጠራል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ይሰናበታል። እኔ ራሴ ስንቱን መዝገብ ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። "የግል ተበዳይ" የሚል ስም ውስጡ አለ፤ ያ ሰው ምን እንደደረሰበት ግን መዝገቡ አይነግርህም።

ስሙንማ ቀይረናል። ወህኒ ቤት የነበረው ማረሚያ ቤት ሆኗል። ዓለም በቃኝ የሚባለው የድሮ ወህኒ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል። ልጄ፣ አንቺ የተቆጣሽው በገደቡ አይመስለኝም።

የአምባሳደሯ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ትናንት ማታ ሳስበው አደርኩ። ልጁ ሁለት ዓመት ቢታሰር ኖሮ ስልኬ አይመለስም፤ ፎቶዎቹም አይመለሱም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ዳኛው ለልጁ "ተመለስ፣ ጠባይህን አሳምር" ሲለው ሰማሁ። እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዞር ብሎ እንኳ ያየኝ የለም። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚባለው ይኸው ነው። ፍርዱ አለ፤ ጭብጦዬ ግን ፍርዱ ውስጥ የለችም።

ጠበቃው፦
እህቴ፣ አሁን ሕጉን ላሳይሽ፤ ምክንያቱም ሕጉ አልረሳሽም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት የተጎዳ ሰው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር ማቅረብ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንቀጽ 197ን ተመልከቺ። በገደብ የሚለቀቅ ሰው መልካም ጠባይ እንደሚኖረው ብቻ አይደለም ግዴታ የሚገባው። ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን እንዲያስተካክል፣ ካሳ እንዲከፍልም ነው። ገደብና ካሳ ሕጉ ውስጥ አብረው ነው የተወለዱት። በተግባር ግን ካሳው ተረስቶ ገደቡ ብቻውን ይሄዳል።

እኔ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ገደብ ሲጠየቅ የእያንዳንዱ ጠበቃ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "ደንበኛዬ ለግል ተበዳይ ይህን ያህል በወር ይከፍላል" መሆን አለበት። ዓቃቤ ሕጉም ያንን መጠየቅ አለበት። ቀለል ላሉት ጥፋቶች አንቀጽ 103 ላይ የግዴታ ሥራ አለ፤ ከአንድ ቀን እስከ ስድስት ወር። እሱም ብዙ አይሠራበትም።

የተክልዬ ነጋዴ፦
ከዚያ ልጅ ምን ይገኛል ብለህ ነው? ዋስ የሚያስይዝ ያጣ ልጅ የሁለት ወር ደሞዝ ከየት ያመጣል?

የልደታ ልጅ፦
ጋሽ ነጋዴ፣ በወር 500 ብር ያመጣል። ተሸክሞም፣ አጥቦም ያመጣዋል። እኔን ያን ጊዜ "ላፕቶፑን ለሰውየው ክፈል" ቢሉኝ ኖሮ ሦስት ዓመት እከፍል ነበር። ሰውየውን ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። መታሰሬ ከእሱ ጋር አላታረቀኝም።

የተክልዬ ነጋዴ፦
500 ብር እያለ ሁለት ወር ከፍሎ ቢጠፋስ?

ጠበቃው፦
ያን ጊዜ የገባውን ግዴታ አፍርሷልና ፍርድ ቤቱ ገደቡን መለስ ብሎ የሚያይበት ምክንያት ያገኛል። አንተ የጠየቅከው ጠባቂ አንዱ እሱ ነው። ገንዘቡ ሲቀር ተበዳይዋ ራሷ ታውቃለች።

የተክልዬ ነጋዴ፦
ይህቺ ገብታኛለች። ቢላ ይዞ የመጣውን ግን አትንኩብኝ። እሱ ይታሰር።

ጠበቃው፦
ቢላ ከያዘ 670 ነው ብዬሃለሁ። እዚያ ላይ አልጣላህም።

የአምባሳደሯ፦
ጠበቃዬ፣ የእኔስ አልፎበታል?

ጠበቃው፦
በወንጀል መዝገቡ አልፏል። ግን በፍትሐ ብሔር ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ገና አራት ወርሽ ነው። የወንጀል ፍርዱን ግልባጭ አውጪና ያዢው። ክስ ሳትመሠርቺ መስማማት ከቻላችሁ ደግሞ በጽሑፍ አድርጉት።

የጎላዋ እናት፦
ልጄ፣ እናትየዋ የሰጠችሽ ወረቀት ምን ይላል?

የአምባሳደሯ፦
እትዬ፣ አሁን አወጣሁት። ከደብተር የተቀደደ ነው። በእርሳስ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ከሥሩ "ዋጋውን ንገሪኝ፣ ቀስ እያልን እንከፍላለን" ይላል።

ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

የተክልዬ ነጋዴ፦
እህቴ፣ ደውይላት።

የአምባሳደሯ፦
ነገ ጠዋት። አሁን መሽቷል፤ ሴትየዋ ምናልባት ተኝታ ይሆናል።