አንዱ ልጅ፣ አንዱ የእንጀራ ልጅ፦ አሜሪካ የምታዳላው ለማን ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ላንሳና ተከራከሩበት፣ ስድብ ግን አልፈልግም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ነጭ ደጋግሞ የሚለኝ ነገር አለ። "ጥቁሮች የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው፣ የራሳቸው የታሪክ ወር አላቸው፣ እኛ 'የነጭ' ምናምን ብለን ብንነሳ ግን በማግስቱ ከሥራ እንባረራለን፤ ታዲያ ዘረኛው ማን ነው?" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከልቡ ነው የሚጠይቀው። ይሄ አስተሳሰብ ደግሞ ከምሳ ሰዓት ወሬ አልፏል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉት የዲ ኢ አይ (ብዝኃነትንና እኩል ዕድልን ለማስፋት የተቋቋሙ) ፕሮግራሞች እንዲዘጉ አዘዋል። እናንተ ምን ትላላችሁ? አድልዎ አለ ወይ? ካለስ በማን ላይ?

የዳላሱ፦
አለ። እኔ ግን ሰውየው ከሞላ ጎደል እውነቱን ነው ባይ ነኝ። በዲቪ ነው የመጣሁት። ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ፣ ዛሬ የራሴ ትራክ አለኝ። በቆዳዬ ምክንያት በር የዘጋብኝ ሰው አላየሁም። እሺ የኔን ተዉት፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል እንደ ጥቁሮች ያሉትን ለመደገፍ ዘርን በመቁጠሩ የተከሰሰበትን ጉዳይ እንይ። ክሱን ያቀረበው ቡድን የእስያ ዝርያ ላላቸው አመልካቾች ነበር የቆመው። በክርክሩ ላይ እንደወጣው፣ እነዚህ ልጆች በትምህርት ውጤት ከማንም በልጠው ሳለ "የግል ባሕርይ" በሚባለው መለኪያ በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። ቻይናውያን እንዳይገቡ በ1882 በሕግ የከለከለች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ካምፕ ውስጥ ያጎረች አገር ናት። ታዲያ የነሱ ልጆች የባርነትን ዕዳ የሚከፍሉት በምን ሒሳብ ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ዘር ቆጥሮ መቀበልን ከልክሎ ነገሩን ሲዘጋው ደስ ብሎኛል። ዘረኝነትን በዘረኝነት ማከም አይቻልም።

ሁለተኛ ትውልድ፦
እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተወልጄ ነው ያደግሁት፣ አማርኛዬን ታገሡኝ። መጀመሪያ ለሲልቨር ስፕሪንጉ። የጥቁሮች የሚባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 ሲከፈት በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የመሥራቾቹ ልጆች የሆኑ ነጭ ሴቶች ናቸው። የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ሌላው በር ስለተዘጋባቸው ነው፣ ነጭን ለማስወጣት አይደለም። ለሰውዬው ይሄን ንገርልኝ።

አሁን የዳላሱ፣ ለድካምህ ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ አባቴም እንደዛው ለፍቶ ነው ያሳደገን። ግን ከፍርዱ በኋላ ሳይነካ የቀረውን አይተኸዋል? ሌጋሲ የሚሉት ነገር አለ። አባትህ እዚያ ተምሮ ከሆነ ወረፋ ትቀድማለህ። በዚያው ክስ በቀረበው መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሃርቫርድ ከተቀበላቸው ነጭ ተማሪዎች ውስጥ ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ስፖርተኞች፣ ወይ የቀድሞ ተማሪ ልጆች፣ ወይ የመምህራን ልጆች፣ ወይ ዲኑ ለይቶ የያዛቸው ናቸው፣ የለጋሽ ልጆች የሚገቡትም በዚህኛው ነው። ለጥቁሮቹ፣ ለእስያውያኑና ለሂስፓኒኮቹ ይሄ ቁጥር ከ16 በመቶ በታች ነው። ጥቁር ልጅ ሲገባ "ችሎታ ተረገጠ" የሚለው ሰው የአባቱ ስም ያስገባውን ልጅ አይቶ ዝም ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ዝምታ ነው።

የዳላሱ፦
ሌጋሲም ይጥፋ! ማን ደገፈው? አንዱ አድልዎ ሌላውን አያጸድቅም ነው የምለው።

ነርሷ ከአትላንታ፦
ወንድሜ፣ "አንድ ሕግ ለሁሉም" ማለት ደስ ይላል፣ ግን አንዱ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። የምሠራው ከሱስ ታካሚዎች ጋር ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) ሲሸጥ የተያዘን ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ያስቀጣ ነበር። በዱቄት ኮኬይን ያንኑ 5 ዓመት ለመቀጣት ግን 500 ግራም ያስፈልጋል። ክራክ የሚሠራው ከዚያው ከዱቄቱ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ያው አንድ ኮኬይን ነው። በክራክ የተፈረደባቸው በብዛት ጥቁሮች ነበሩ። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ብታነበው ግን "ጥቁር" የሚል ቃል አታገኝበትም። ልዩነቱ በ2010 ከ100 እጥፍ ወደ 18 እጥፍ ወረደ እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያሉ ሱስ አስያዦች) ጊዜ መጣ። ዌስት ቨርጂኒያንና ኦሃዮን፣ ብዙ የነጭ ከተሞችን ሲያጠፋ "በሽታ ነው፣ ሕክምና ይስፋፋ" ተባለ። ልክ ነው፣ በሽታ ነው፣ እኔም በየቀኑ የምታገልለት ነገር ነው። ግን የዛሬ ታካሚዎቼ ያገኙትን ርኅራኄ የዚያን ጊዜዎቹ ቢያገኙ ኖሮ ስንት ልጅ አባቱን እቤቱ እያየ ባደገ! እስር ቤት ያረጁ ሰዎች አሉ እኮ። የኔ አገር ሰው ደግሞ ያንን ዘመን ሳያውቅ መጥቶ "እነዚህ ቤተሰብ የላቸውም" ሲል እሰማለሁ፣ ያመኛል።

የዳላሱ፦
እህቴ፣ ያልሽው ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ሙሉውን እንናገር። ያንን ሕግ ከደገፉት ውስጥ ጥቁር የኮንግረስ አባላትም ነበሩ፣ ምክንያቱም ሰፈራቸው እየነደደ ነበር፣ እናቶች "አድኑን" እያሉ ነበር። ሁሉን ነገር የነጭ ሴራ ካደረግነው እውነቱ ይጠፋናል።

ነርሷ ከአትላንታ፦
ሴራ አላልኩም። ሴራ ባይኖርበትም ውጤቱ አንድ ወገን ላይ ወደቀ ነው ያልኩት። ሰፈሩ የለመነው ፖሊስንም ሥራንም ሕክምናንም ነበር፣ የደረሰው ግን በብዛት እስር ቤቱ ነው።

ጋሼ ከሲያትል፦
ልጆቼ፣ ጨዋ ክርክር ስላደረጋችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ በተለይ የዳላሱን። በዲቪ መጣሁ ብለሃል። ዲቪ ምን እንደሆነ አስበኸው ታውቃለህ? የተወለድክበት አገር ታይቶ የሚሰጥ ዕድል ነው። ሕንዳዊው፣ ቻይናዊው፣ ሜክሲኳዊው ከአገሩ ብዙ ሰው ስለገባ ቅጹን መሙላት እንኳ አይፈቀድለትም። ምን ያህል ጎበዝ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። አንተ ደግሞ ከአገርህ የገባው ጥቂት ስለሆነ ቀደምክ። ይሄ ለብዝኃነት ሲባል የተደረገ ነው፣ ስሙም (ዳይቨርሲቲ ቪዛ) ያንኑ ይላል። በዚያ በር የገባን ሰዎች፣ እዚህ ለዘመናት የተበደለው ሰው ትንሽ በር ሲከፈትለት "ኢፍትሐዊ ነው" ስንል አይከብደንም?

ያንን በር ማን እንዳስከፈተውም አትርሱ። በ1924ቱ ሕግ ለመላው ኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። የዘር ኮታው የተነሣው በ1965 ነው፣ ጥቁሮች በደቡብ ክልሎች የመምረጥ መብት ስለጠየቁ ሲደበደቡ፣ ውሻ ሲለቀቅባቸው በነበረበት ሰሞን። በነሱ ደም የተጻፈው ሕግ እኛንም አስገባን።

የእኛን ሰው ነገር ላንሳ። ሙሉጌታ ሥራው በኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ ውስጥ ጭንቅላቱን በዱላ ተመቶ ሞተ። የመቱት ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች ናቸው። ሀበሻ ነህ ወይስ የዚህ አገር ጥቁር ብለው አልጠየቁትም። ቡድኖቹን ያነሳሳው ቶም ሜትዝገር ተከሶ በ1990 ዳኞቹ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። "እኔን አይመለከተኝም" ለሚለው ሁሉ ይሄን አስታውሳለሁ።

የዳላሱ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዲቪ ዕጣ ነው። ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው፣ የማንንም ልጅ ነጥብ አይቀንስም። ደግሞ ዘር ሳይቆጠርም መርዳት ይቻላል። እኛ ቴክሳስ ከ1997 ጀምሮ ሕግ አለን። ከየትኛውም ሃይስኩል ከክፍልህ የመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ ውስጥ ከወጣህ የክልሉ ዩኒቨርሲቲ ይቀበልሃል። አሁን ኦስቲን ላይ መቶኛው ቢያንስም ሐሳቡ እንዳለ ነው። ደሃው ነጭም፣ የሪዮ ግራንዴው ሜክሲኳዊም፣ የደቡብ ዳላሱ ጥቁርም በዚያ ይገባሉ። ማንም አልተዋረደ፣ ማንም "በቆዳህ ነው የገባኸው" አይባልም። የኔ ልጅ እንዲህ እንድትባል አልፈልግም፣ አባት ስትሆኑ ይገባችኋል።

ሁለተኛ ትውልድ፦
የቴክሳሱን ነገር እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ለምን እንደሚሠራ አስበው። ትምህርት ቤቶቹ በሰፈር ስለተከፋፈሉ ነው። ጥቁሩ አንድ ጋ፣ ነጩ ሌላ ጋ ባይኖር ያ መቶኛ ለውጥ አያመጣም ነበር። ሰፈሩስ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ ነው? በ1930ዎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ይዞ ጥቁር የሚኖርበትን ሰፈር በቀይ ቀለም አቀለመ። የፌዴራሉ የቤት ብድር ዋስትናም እነዚያን ሰፈሮች አገለለ። ይሄ በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። እስከዚያ የነጭ ቤተሰብ ቤት ገዝቶ፣ ቤቱ ዋጋ ጨምሮ፣ በዚያ ልጁን ኮሌጅ አስተምሯል። ማንም ያንን "የነጮች ልዩ ድጋፍ" ብሎ አይጠራውም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
እኔ ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። ጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ ሲቆም ትኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች በረራ ተሰርዟል። ካምፕ ውስጥ ዓመታት የጠበቁ፣ ምርመራውን ሁሉ የጨረሱ ሰዎች ናቸው። በሜይ ወር ግን 59 ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን በስደተኝነት ደለስ ኤርፖርት ገቡ፣ ባለሥልጣን ወጥቶ ተቀበላቸው። እኛ ዘመድ የምንቀበልበት ኤርፖርት ነው። የ2026 ጣሪያ 7,500 ሰው ሆነ፣ በአብዛኛውም ለነሱ። ከዚያ በፊት 125 ሺህ ነበር። ሰዎቹ መምጣታቸውን አልቃወምም። ግን "ዘር አንቆጥርም" ያለ መንግሥት ይሄን ሲያደርግ ምን ልበል?

የዳላሱ፦
እዚህ ላይ አልከራከርህም። ይሄ ትክክል አይደለም።

የሚኒሶታዋ፦
ሁላችሁም አሜሪካን ትከሳላችሁ፣ እኛስ? ጆርጅ ፍሎይድ የተገደለባት ከተማ ነው የምኖረው። ያኔ ሰልፍ የወጡ ሀበሾች አሉ፣ ኮራሁባቸው። ግን እነዚያው ወላጆች ልጃቸው ጥቁር አሜሪካዊ ልታገባ ስትል ያለቀሱትን አውቃለሁ። ጠቆር ያለውን የገዛ አገራችንን ሰው በምን ስም እንደምንጠራው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ለእኛ ሰልፍ የወጡት፣ ገንዘብ ያዋጡት ጥቁሮቹ ናቸው። ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አውሮፕላን አብርሮልናል። ውለታውን በዚህ መንገድ መመለሳችን ያሳፍረኛል።

የዳላሱ፦
ይሄም እውነት ነው። የኔ እናት ብትሆን እንደዛ ትል ነበር።

ግን አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ፣ በተለይ ለአሌክሳንድሪያዋ። ልጄ ዘንድሮ ለኮሌጅ ታመለክታለች። ድርሰቷ ውስጥ ስለ ሀበሻነቷ፣ ስለ ጥቁርነቷ አትጻፊ ብያታለሁ። ፍርድ ቤቱ ከልክሏል፣ ይጎዳታል ብዬ ነው።

ሁለተኛ ትውልድ፦
አይ፣ እሱን አልከለከለም። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ራሳቸው በፍርዱ ላይ ጽፈውታል። ዘር ሕይወቷን እንዴት እንደነካው፣ ምን እንዳስተማራት መጻፍ ትችላለች፣ ኮሌጁም እንደ ግለሰብ ሊያየው ይችላል። የተከለከለው ዘሯን ብቻ ቆጥሮ ማስገባት ነው። እውነተኛ ታሪክ ካላት ትጻፈው፣ ከሌላት ደግሞ አታስገድዳት፣ ስለምትወደው ነገር ትጻፍ። ከፈለገች ረቂቁን ትላክልኝ፣ አነብላታለሁ።

የዳላሱ፦
ተባረኪ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። በሃርቫርዱ ጉዳይ ግን አሁንም አልተስማማንም።