በባትሪ አውሮፕላን ብቻ ተምሮ የአብራሪነት ፈቃድ ማግኘት ይቻላል?

ሲሳይ ከዙሪክ፦
ጤና ይስጥልኝ። የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማውጣት አስቤ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ጠይቄ ነበር፤ ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ በሚባል ባለ ሁለት መቀመጫ የባትሪ አውሮፕላን ጀምር አሉኝ። ዋጋው ከነዳጁ ይቀንሳል፣ ጎረቤትም በጩኸት አይማረርም። ግን "50 ደቂቃ ይበራል" ካሉኝ በኋላ ሌላ ነገር ስጠይቅ ወሬ ይቀይራሉ። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

የበረራ አስተማሪ፣ ጀርመን፦
ወንድሜ፣ አውሮፕላኑ መጫወቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአውሮፓ የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ ሙሉ ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ነው።

ችግሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ሲነሳ ከ600 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ባዶውን 428 ይመዝናል። የቀረው 172 ኪሎ የሁለት ሰው ድርሻ ነው፣ ከነጃኬታቸው። በነዳጅ አውሮፕላን ተማሪው ደልደል ያለ እንደሆነ ነዳጅ ቀንሰን እንነሳለን። የባትሪውን ግማሽ አውርጄ ልብረር ግን አይባልም። ቻርጁ ቢያልቅም አይቀልም፤ በተነሳበት ክብደት ያርፋል።

50 ደቂቃው አምራቹ የሚለው ነው። መነሳትና ማረፍ ስታደጋግም እያንዳንዱ መነሳት ባትሪውን ይመጠዋል፤ ብርድ ሲሆን ይብሳል። እንደገና እስኪሞላ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ቡና እየጠጣህ ትቀመጣለህ።

የምወድለት ነገርም አለ። ተራ ስንጠብቅ ፕሮፔለሩ ቆሞ ይጠብቃል። የነዳጁ በዚያ ሰዓት እየተንተከተከ ቤንዚን ይበላል፤ ይህኛው ዝም ስለሚል ተማሪዬ የምናገረውን በደንብ ይሰማል።

ለፈቃዱ 45 ሰዓት ያስፈልግሃል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር ብቻህን በርረህ፣ በሁለት ሌሎች ማረፊያዎች የምታርፍበት ጉዞ አለ። ቻርጀር የሌለበት ማረፊያ ብዙ ስለሆነ ያንን በነዳጁ አድርገው። መነሳትና ማረፉን ግን በባትሪው ተማር፤ አትጸጸትም።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ፦
የእኛን አገር ነገር ልጨምር። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የነዳጅ ፒስተን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ጉልበቱ አይቀንስም። ክንፉና ፕሮፔለሩ ግን ከሳሳው አየር አያመልጡም፤ መንደርደሩ መርዘሙ አይቀርም።

በጥገና በኩል ነዳጅ የሚለኩስ ካንዴላ የለው፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማግኔቶ የለው፣ የሞተር ዘይት የለው። እጅህን ታጥበህ ወደ ቤት ትሄዳለህ። ባትሪው ግን ዕድሜው ሲያልቅ ይለወጣል፤ ውድ ነው። የነገሩህ የአንድ ሰዓት በረራ ዋጋ ይህንን ይጨምር እንደሆነ አጣራ።

ሲሳይ ከዙሪክ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ 94 ኪሎ ነኝ፤ ለአስተማሪው 78 ይቀረዋል ማለት ነው። ነገ ስደውል ከዋጋው በፊት "ቀጭን አስተማሪ አላችሁ ወይ?" ብዬ ልጀምር ነው።