ለጥር ወር የጋራ ዝማሬ የሚቀርብ የዕቅድ ሐሳብ፦ የጌታን እራት የሚመለከተውን አንቀጽ እንዴት እንጻፈው?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከደብረ ብርሃን፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት ለየአብያተ ክርስቲያናቱ ሽማግሌዎች የምናቀርበውን ጽሑፍ አርቅቄአለሁ። ሐሳቡ የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወት፣ የመሠረተ ክርስቶስና የሙሉ ወንጌል ምእመናን በአንድ ቦታ ተሰብስበው እንዲዘምሩና በመጨረሻም የጌታን እራት አብረው እንዲካፈሉ ነው። በዝማሬው ላይ ፈቃደኛ የሆኑ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም ይጋበዛሉ።

ስለ ክርስቲያኖች አንድነት በዓለም ዙሪያ የሚጸለይበት ሳምንት በአውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዩዋሪ 18 እስከ 25 ሲሆን፣ በእኛ ዘመን መቁጠሪያ በአብዛኛው ከከተራ ዕለት ይጀምራል። ታቦታቱ ወጥተው ከተማው ሁሉ በበዓል ላይ ሳለ የራሳችንን መርሐ ግብር መዘርጋት ጎረቤትን አለማክበር ስለሚሆን፣ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ያለውን እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን አድርጌአለሁ። የጥር ውርጭ ሳይበረታም ሰው ወደየቤቱ ይመለሳል። ያላረፍሁበት ግን እራቱን የሚመለከተው አንቀጽ ነው፤ በረቂቁ ላይ «ያመነ ሁሉ ይቅረብ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የመዝሙር ክፍል አስተባባሪ፦

ወንድማችን ስለ ድካምህ እግዚአብሔር ይባርክህ። ስለ መዝሙሩ የምለው አጭር ነው። ማንም አዲስ ዜማ ሳያጠና ሁሉም ሊሳተፍበት የሚችለው መዝሙረ ዳዊት 136 ነው፤ 26ቱም ቁጥሮች «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» በሚለው ስለሚያበቁ፣ አንድ ሰው ይመራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በኦርቶዶክስ ዳዊት ይኸው መዝሙር 135ኛ ስለሆነ፣ እንግዶቻችን እንዳይቸገሩ በሚታተመው ወረቀት ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ግን ለማሳመሪያ ብለን እንዳንወስድ አደራ እላለሁ፤ የራሱ ሥርዓትና ባለቤት አለውና።

ስለ እራቱ ከራሴ የደረሰብኝን ልናገር። በሕፃንነቴ የተጠመቅሁ ነኝ። ካገባሁ በኋላ አብሬ በማመልክበት፣ አምኖ የተጠመቀን ብቻ በሚቀበል ጉባኤ፣ ጥምቀቴ አልተቆጠረልኝምና ሳሕኑ በፊቴ አልፎ ለባለቤቴ ሲሰጥ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሥርዓታቸው ነበር። በዚያው ሰዓት የሚዘመረውን ከሁሉም ጋር ዘመርሁ፤ መዝሙሩን የከለከለኝ አልነበረም። ስለዚህ «ያመነ ሁሉ ይቅረብ» የሚለው ቃል ለጆሮ ቢያምርም፣ የጥምቀትን ጥያቄ ሳይመልስ ስለሚያልፈው፣ እንደ እኔ ያለው ሰው በዕለቱ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም።

አንድ ሽማግሌ፣ ከደብረ ሲና፦

ልጆቼ፣ እኅታችን ያነሣችው የነገሩ ሥር ነው። በዚሁ በሸዋ ምድር፣ በተጉለት በምትገኘው በደብረ ምጥማቅ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጠሩት ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። የመነኩሴው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ በማክበራቸው ምክንያት ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ መለያየት ነበረ። በጉባኤው የቅዳሜ ሰንበት እንዲከበር ተወሰነ፤ እነርሱም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። በንጉሥ ሥልጣን የተጠራ ጉባኤ ለእኛ በሁሉ ነገር አርአያ ይሆናል አልልም፤ ነገር ግን የለያያቸውን ነገር በስሙ ጠርተው ተነጋገሩበት እንጂ ሸፍነውት አላለፉም። እኛም ከማዕዱ በፊት ጥምቀትን በስሟ እንጥራት።

በ2010 በሽቱትጋርት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ አባቶቹ በ16ኛው መቶ ዘመን በጥምቀት ትምህርታቸው ምክንያት ስላሳደዷቸው ሰዎች፣ የእነርሱ የእምነት ዘር የሆኑትን ሜኖናውያን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። መካነ ኢየሱስ የዚያኛው፣ መሠረተ ክርስቶስ የዚህኛው ቤተሰብ አባል ስለሆኑ ይቅርታው የእኛም ነው። ቢሆንም ይቅርታ ማለት በጥምቀት ትምህርት መስማማት አይደለምና፣ ሽማግሌዎቹ ሳይፈቅዱ እኛ በማኅበር ስም በሩን ልንከፍት አንችልም።

ሌላም አለ፤ የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጾመውና ንስሐ ገብተው በቅዳሴ የሚቀበሉትን ቅዱስ ቁርባን፣ እኛ በአዳራሽ ከምናደርገው ጋር በአንድ ስም ጠርተን በእንግድነት በመጡበት እንዳናስጨንቃቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

አባታችን፣ እኅታችን፣ አመሰግናለሁ። «ያመነ ሁሉ ይቅረብ» የሚለውን ሰርዤ እንደሚከተለው አስተካክዬአለሁ።

«ዝማሬው ይቀድማል። ከዝማሬው በኋላ የገብስ ዳቦና ሻይ ለሁሉም ይቀርባል፤ ይህም የጎረቤታሞች ማዕድ እንጂ የጌታ እራት አይደለም። እንግዶች በአክብሮት ከተሸኙ በኋላ፣ አራቱም አብያተ ክርስቲያናት አስቀድመው በጽሑፍ ከፈቀዱ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቁና በየቤተ ክርስቲያናቸው ወደ ማዕዱ እንዲቀርቡ የሚፈቀድላቸው ሁሉ፣ በሕፃንነትም ሆነ አምነው የተጠመቁ፣ ስለ ጥምቀታቸው ሳይጠየቁ እራቱን ይካፈላሉ። ጽዋው ከዘቢብ የተዘጋጀና የማያሰክር ይሆናል። መቅረብ ያልፈለገ ሰው በቦታው ተቀምጦ ከሌሎቹ ጋር ይዘምራል፤ ምክንያቱንም ማንም አይጠይቀውም።»

ከአራቱ አንዲቱ እንኳ ባትፈቅድ እራቱ ለሌላ ዓመት ይቆይ፣ ዝማሬው ግን ይካሄድ ብዬ ጨምሬአለሁ። ሦስቱ አብረው ሲበሉ አራተኛዋ በዳር ቆማ የምታይበትን ቀን እኛው ማዘጋጀት አይገባንም። ጽሑፉ እስከ ኅዳር 30 ለሽማግሌዎች እንዲደርስ ማሻሻያ ያለው እስከ ኅዳር 20 ይላክልኝ።

አንድ አባል፣ ከሸዋ ሮቢት፦

በተሻሻለው እስማማለሁ። ዳቦውና ሽኝቱ ጊዜ ስለሚወስዱ ግን ዝማሬው ከ7 ይልቅ በ6 ሰዓት ተኩል ይጀመር፤ ከቆላ የምንመጣው ጭጋግ ሳይወርድ የተራራውን መተላለፊያ ጣርማ በርን ማለፍ አለብን።