ክርክር፦ በገጠር ልጅ አነጋገር ማሳቅ ከትምህርት ቤት መድረክ ይውረድ?

ከሸዋ በር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ነበር። አንድ ተማሪ ማይክ ይዞ የገጠር ልጅ አስመሰለ። «ተለጋምቦ ነው የመጣሁት» አለና በ«ከ» ፈንታ ያስገባትን «ተ» ጎተታት። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከፊቴ ከለጋምቦ ገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤተሰብ ስንቅ እየመጣለት የሚማር ልጅ ተቀምጧል። እሱም ሳቀ። እጆቹ ግን የወንበሩን ጠርዝ ጨምድደው ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አይመልስም። በጽሑፍ ልመልስ ነው የሚለው።

እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1651 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሳቅን ድንገት የሚመጣ የኩራት ስሜት ብሎታል። የሌላውን ጉድለት አይተን ራሳችንን ከፍ ስናደርግ እንስቃለን። አዳራሹ የሳቀው እንደዚያ ነው።

ከፒያሳ፦ ወንድሜ፣ ለልጁ አዝኛለሁ። ግን ሆብስን ይዘህ ሳቅን ሁሉ ንቀት ልታደርገው ነው። ፈላስፋው ፍራንሲስ ሃቺሰን በ1720ዎቹ መልሶለታል። ሳቅ ከበላይነት የሚመጣ ከሆነ፣ በሰረገላ የሚሄድ ጌታ መንገድ ዳር ለማኝ ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር። የሚመጣበት ግን እንባ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ በ1790 ሳቅ የሚመጣው በጉጉት የጠበቅነው ነገር ድንገት ባዶ ሲሆን ነው አለ። ሰምና ወርቅ የሚያስቀን ለምንድን ነው? ሰሙን ይዘን ስንሄድ ወርቁ ከጎን ብቅ ስለሚል ነው። ማንም አልተናቀም። ዛሬ አነጋገር ከከለከልን ነገ ቅኔውም ይከለከላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ መብት አስቀምጧል። ተማሪም ዜጋ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እኔም መምህር ነኝ። እዚያው አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6ን እይልኝ። የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውንም ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል ሕጋዊ ገደብ ሊደረግ ይችላል ይላል።

ሰምና ወርቁ ላይ እስማማለሁ። ግን «ተለጋምቦ» ውስጥ ወርቁ የቱ ጋ ነው? ያልተጠበቀ ነገር የለም። ልጁ በየቀኑ የሚናገረው ነው። ይሄን ከካንት ይልቅ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሰን በደንብ ያስረዳዋል። በ1900 ባሳተመው መጽሐፉ ሳቅ ለአፍታ ልብን ማደንዘዝ ይፈልጋል ይላል። ደግሞም ማኅበረሰብ ከመስመር የወጣውን የሚቀጣበት መሣሪያ ነው። ልጁ የተነገረው «አነጋገርህን ቀይር» ነው። አነጋገሩ ግን ጥፋት አይደለም። የእናቱ አፍ ነው!

«እሱም ሳቀ እኮ» የምትሉ ካላችሁ፣ ሮበርት ፕሮቫይን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች ሲስቁ እየተከታተለ መዝግቧል። አብዛኛው ሳቅ የሚመጣው ከቀልድ በኋላ ሳይሆን ከተራ ወሬ በኋላ ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲሆን የሚስቀውም ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው 30 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ሁሉ ሲስቅ ልጁ ምን ያድርግ? አለመሳቅ ማለት «እኔ ነኝ» ብሎ መነሳት ነው። ሳቁን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት።

ከቦሩ ሜዳ፦ ልጆቼ፣ እኔ የፈላስፋ ስም አላውቅም። የማውቀው የወሎን ጨዋታ ነው። እስላም ክርስቲያኑ በአንድ ሰርግ፣ በአንድ ለቅሶ ነው የሚቀመጠው። ቡና ላይ እንፎጋገራለን። በአነጋገርም፣ በቁመትም፣ በስስትም ይቀለዳል። ግን የተቀለደበት አፍ አለው። ወዲያው ይመልሳል፤ አንዳንዴ ጀማሪውን ያሳፍረዋል። ሁለተኛው መልስ ነው ጨዋታ የሚያደርገው። መድረክ ላይ ማይኩ በአንዱ እጅ ነው። ያ ልጅ በምን ይመልስ?

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ይሄ ገብቶኛል። ታዲያ ማይኩን ለሱም ስጡት እንጂ ለምን ትከለክላላችሁ? የከተማን ልጅ አስመስሎ ይቀልድበት። እኛም እንሳቅ!

ከሸዋ በር፦ ክፍል ውስጥ ድምፁን የፈራ ልጅ መድረክ ወጥቶ አይፎክርም። ቀልድ በሙሉ ይቁም አላልኩም። ተመራማሪዎቹ ፒተር ማግሮና ካሌብ ዋረን በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል። የሚያስቅ ነገር ደንብ ይጥሳል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጉዳት የሌለው ይመስላል ይላሉ። ጥያቄው ለማን ነው ጉዳት የሌለው የሚመስለው ነው። ከኋላ ለተቀመጡት የከተማ ልጆች ምንም አልነበረም። ወንበሩን ለጨመደደው ግን ነበር። ሐሳቤን በአንድ መስመር ላስቀምጥ፦ በሚኒ ሚዲያ ደንብ ውስጥ «በትውልድ አካባቢና በአነጋገር ሰውን መሳለቂያ ማድረግ አይፈቀድም» ተብሎ ይጻፍ።

ከፒያሳ፦ «መሳለቂያ» የቱ ነው፣ ጨዋታው የቱ ነው? ማን ይለያል? ርእሰ መምህሩ ከሆነ እሱ ያልሳቀበት ሁሉ ሊታገድ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ርእሰ መምህሩ አይለይ። ጽሑፉ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ክበቡ ውስጥ ይነበብ፤ ከገጠር የመጡት ልጆች ይስሙት፤ «ይሄ ይውጣ» ካሉ ይውጣ። ለዚህ ግን ክበቡ ውስጥ መኖር አለባቸው። እኛ ጋ የሚኒ ሚዲያው አባላት በሙሉ የከተማ ልጆች ናቸው። የገጠሮቹ ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀድተው፣ ራታቸውን ራሳቸው ስለሚያበስሉ ለልምምድ አይቆዩም። ሸዋ በር፣ እናንተ ጋስ? የልምምዱን ሰዓት ወደ ምሳ እረፍት ብታመጡት ይገባሉ?