የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ወሰነ» ሲባል ሕግ ሆነ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት አጸደቀው» ይባላል፤ ከዚያ ወራት ያልፋሉ፣ ሥራ ላይ ግን አይውልም። ምክር ቤቱ በራሱ ሕግ ማውጣት ይችላል ወይስ አይችልም?

መልስ 1፦ ምክር ቤቱ ስለ ውሳኔው የሚያወጣውን መግለጫ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ተመልከት። «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ» ካለ ገና ረቂቅ አዋጅ ነው። ፓርላማው ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል፤ ሊያሻሽለውም ይችላል። ከጸደቀ በኋላ ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ» ካለ ግን ምክር ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ደንብ ነው፤ ወደ ፓርላማ አይሄድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሳኔው ዛሬ ቢተላለፍም ጋዜጣው እስኪታተም መጠበቅ ግድ ነው።

መልስ 2፦ ደንብ የማውጣት ሥልጣኑም ገደብ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77(13) የሚፈቅደው ፓርላማው በሰጠው ሥልጣን መሠረት ብቻ ነው። ስለዚህ የደንቡን መግቢያ አንብብ፤ የትኛው አዋጅ፣ የትኛው አንቀጽ እንደፈቀደለት ይጠቅሳል። ከዚያ አዋጁን አውጥተህ አስተያይ። ደንቡ አዋጁ ያላሰበውን ግዴታ ከጫነ መከራከሪያህ እሱ ነው።

መልስ 3፦ መመሪያን ከዚህ ጋር አታምታታው። እሱን የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ኤጀንሲው ነው፤ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 መሠረት መመዝገብና በድረ ገጽ መጫን አለበት። ቢሮ ሄደህ «መመሪያው አይፈቅድም» ከተባልክ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቅ። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም፤ ባለጉዳይ ይህን መብቱን ቢያውቅ ስንት ምልልስ ይቀርለት ነበር!