በዊዳል የተገኘ ቁጥር የታይፎይድ ስርጭት ሊባል ይችላል?

ጠያቂ፦ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በትኩሳት ምክንያት በሚታዩ ሕሙማን ላይ የታይፎይድን ስርጭት (በሽታው ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) እና አጋላጭ ሁኔታዎች ለማጥናት እየተዘጋጀሁ ነው። ክሊኒኩ ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የተባለውን የደም ምርመራ ብቻ ስለሆነ፣ ፖዘቲቭ የሆኑትን ቆጥሬ ከመጠጥ ውሃ ምንጭ፣ ከእጅ መታጠብና ከመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ጋር ላነጻጽር አስቤአለሁ። አማካሪዬ ግን ውጤቱን «ስርጭት» እንዳልለው አሳስበውኛል። ምክንያቱን የሚያብራራልኝ ይኖራል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ (ተከላካይ ፕሮቲን) ነው። በመሆኑም ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዞት የነበረ፣ በሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ ወይም በወባ የተያዘ ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ሲችል፣ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት የመጣ እውነተኛ ሕመምተኛ ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ከ10 እስከ 14 ቀናት ልዩነት ሁለት ናሙና ወስዶ በአንቲቦዲው መጠን ላይ የአራት እጥፍ ጭማሪ መፈለግ የተሻለ ነበር፤ ይሁን እንጂ ተመላላሽ ታካሚ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ለሁለተኛው ናሙና የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ባክቴሪያውን ራሱን ከደም ናሙና አሳድጎ የሚለየው የደም ካልቸርም ቢሆን ከሕሙማኑ የሚያገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑትን ነው፤ አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የኤፒዲሚዮሎጂ መምህር፦ የአማካሪዎ ስጋት በስሌት ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ትኩሳት ካለባቸው ሕሙማን በትክክል ታይፎይድ ያለባቸው 50 ናቸው እንበል፤ ምርመራው ከታመሙት 70 በመቶውን ቢያገኝና ካልታመሙት 80 በመቶውን በትክክል ቢለይ፣ 35 እውነተኛና 190 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይወጣል። 5 በመቶ የነበረው 22.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የሚብሰው በአጋላጭ ሁኔታዎቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ «ታማሚ» ካሏቸው ስድስት ሰዎች አምስቱ ያህል ሌላ ሕመም ያለባቸው ከሆኑ፣ ያልታከመ ውሃ መጠጣት በእርግጥ የሚያጋልጥ ቢሆን እንኳ ግንኙነቱ ደብዝዞ «ትርጉም የለውም» ወደሚል ድምዳሜ ሊያደርስዎ ይችላል። ናሙና ወደ ካልቸር ላቦራቶሪ መላክ ካልተቻለ፣ ርዕሱን «ትኩሳት ካላቸው ተመላላሽ ሕሙማን መካከል በዊዳል ፖዘቲቭ የሆኑት ድርሻ» ይበሉት። ወደ ክሊኒክ የማይመጡትን ስለማይጨምርም በካልቸር የተገኘ ቁጥር እንኳ የኅብረተሰቡ ስርጭት ሊባል አይችልም።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ናሙናውን መላክ ቢፈቀድልኝ በመጠይቁ ላይ ምን ልጨምር?

የኤፒዲሚዮሎጂ መምህር፦ ከበሽታው መያዝ እስከ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚያልፍ፣ ጥያቄው ስለ ዛሬ ልማዳቸው ሳይሆን ትኩሳቱ ከመጀመሩ በፊት ስለነበሩት ሳምንታት ይሁን። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ብቻ ሳይሆን በምን እንደተቀመጠና በምን እንደተጨለፈም ይጠይቁ፤ ንጹሕ ውሃ ቤት ከገባ በኋላ ሊበከል ይችላልና። ክትባት መውሰዳቸውንና ወደ ክሊኒኩ ከመምጣታቸው በፊት አንቲባዮቲክ መጀመራቸውን መመዝገብ የግድ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከዚህ ቀደም ታይፎይድ የያዘው ሰው መኖሩን፣ በተለይም ምግብ የሚያዘጋጀው እሱ መሆኑን ማጣራትም አይዘንጉ፤ ከታመሙት ጥቂቶቹ ከዳኑ በኋላ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ምንም ምልክት ሳያሳዩ ከዓመት በላይ ሊያስተላልፉ ይችላሉ።