ከጅማ ሳልወጣ የንግድ ሥራ አስኪያጅነት ላገኝ እችላለሁን?

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በሚያከፋፍል የጅምላ መደብር ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ፣ ከእነዚህም አምስቱን በሥራ አስኪያጅነት ካገለገልኩ በኋላ፣ ባለቤቱ መደብሩን በመዝጋታቸው ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ ሰባት ወር ሆነኝ።

ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሊሙ የሚመጡትን ቸርቻሪዎች የዱቤ መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቡና ተለቅሞ ገንዘብ ገበሬው እጅ ሲገባ ዕዳው ይሰበሰባል፤ ክረምት ሲገባ ሽያጩ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በየትኛው ወር ስንት ኩንታል ስኳር ማስገባት እንደሚያስፈልግ መዝገቡን ሳልገልጥ እናገር ነበር። ይህ ዕውቀት ከጅማ አካባቢ ወጥቼ ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እጅግ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

እዚህ አብዛኛው መደብር በቤተሰብ ስለሚመራ፣ ባለንብረቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ለልጁ ወይም ለወንድሙ እንጂ ለተቀጣሪ መስጠት አይፈልግም፤ እኔ ያየኋቸው የሥራ ማስታወቂያዎችም የሽያጭ ሠራተኛና የሒሳብ ያዥ ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱ ተስፋ ቢሰጠኝም፣ ዕድሉ 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ላይ የሚቀር ይመስለኛል።

በማኔጅመንት ዲፕሎማ አለኝ፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ። በዘርፉ የምትሠሩ እባካችሁ ንገሩኝ፦ የቡና ደረጃ አወጣጥ ሳልማር የቡና አቅራቢዎች መጋዘን በኃላፊነት ይቀጥረኛልን? ወይስ ቤተሰቤን እዚሁ ትቼ አዲስ አበባ ልሞክር?